ጥርሱ የተሰበረው ካሴት

ሲያትል ውስጥ በቴፕ የተቀዳን የሰው ድምፅ እንደ እኔ አበጥሮ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እኔው አስተማሪ፣ እኔው ተማሪ ሆኜ ተወጣሁት። ራዲዮ ፈትቶ መግጠምን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ ጀርመን ራዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ካቻቪቴና ፒንሳ እያቀበልኩ ነው። ሰውዬው አማርኛ አይችልም፤ እኔ ደግሞ በጣት መታዘዝ አንገሸገሸኝ። ስለዚህ ጀርመንኛውንም ከብየዳው ጋር ለቀምኩት። ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሲገባ ደንበኞቹ ተከትለውኝ መጡ እንጂ ሌላ ጠጋኝ አልፈለጉም።

በስደት ሲያትል ስንደርስ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። የአገሬ ሰዎች መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ፣ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ፣ እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆንኩ። ማመልከቻውን የሞላችልኝ ባለቤቴ ወርቅነሽ ናት፤ ፈተናውን ግን ያለፍኩት በጆሮዬ ነው። የታመመ ቴፕ አስነስተው "ምን ሆኗል?" አሉኝ፤ ሳልፈታው ነገርኳቸው። ደመወዙ ለኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የቋንቋ ላቦራቶሪ ማለት ሰፊ አዳራሽ ነው። ተማሪዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው በየመከለያቸው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊት አንድ ቴፕ አለ፤ አንዱ ፈረንሳይኛ፣ ሌላው ጃፓንኛ እየሰማ ይደግማል። የእኔ ሥራ ማሽኖቹ እንዳይታመሙ፣ ድምፁ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነበር። "ነበር" ያልኩት በዚህ ዓመት ጡረታ ስለወጣሁ ነው። አብረውኝ ማሽኖቹም ጡረታ ወጡ። መከለያዎቹን ነቅለው ኮምፒውተር ደረደሩ። በእጄ ያከምኳቸውን ቴፖች በቆሻሻ መኪና ላይ ሲወረውሯቸው የመጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አየሁ። አንዱ ሲወድቅ ክዳኑ ተከፍቶ እኔ የቀየርኩለት ጎማ ወጥቶ መንገድ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ግን ማሽኖቹ አይደሉም፤ አንድ ካሴት ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስለ አለቃዬ። ሚስተር ሞሪታ ይባሉ ነበር፤ ከጃፓን ወላጆች እዚሁ ሲያትል የተወለዱ፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። እኔ ለማንም ጎንበስ የምል ሰው አይደለሁም፤ ለሚስተር ሞሪታ ግን ጎንበስ ብያለሁ። ቴፕ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ማሽን ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ክዳኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሞተሩ ቢያነክስ ከጆሮ በፊት ጣታቸው ያውቃል። ድምፅ የሚያነብበውን ብረት በአልኮል በነከሩት ጥጥ ሳይጠርጉ አንድም ካሴት አይገለብጡም። ሰው ሲናገር ዝም ያለበትን ቦታ ቆርጠው አያወጡም። አንድ ጊዜ ቴፑ እንዲያጥር ብዬ ዝምታውን ቆርጬ ባሳያቸው፣ ቁራጩን ከመሬት አንስተው "ይሄም የተናጋሪው ነው፤ መልስለት" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስቀጥል ዋልኩ።

ዋናው ልማዳቸው ግን ጥርስ መስበር ነው። ካሴት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በጀርባው ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። እኛ ጥርስ እንላቸው ነበር። ጥርሱ ከተሰበረ በዚያ ካሴት ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይቻልም፤ የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል። ሚስተር ሞሪታ ድምፅ የተቀዳበትን ካሴት ከማሽኑ እንዳወጡ በትንሽ ካቻቪቴ ቀጭ፣ ቀጭ አድርገው ሁለቱንም ይሰብሩና ስባሪውን ጠረጴዛቸው ላይ በነበረ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩታል።

"ለምን አይጥሉትም?" አልኳቸው አንድ ቀን ምሳ ስንበላ።

"የታመንኩባቸው ድምፆች ናቸው" አሉኝ። ቀጥለውም፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ያልደገሙትን ነገሩኝ። "ልጅ ሆኜ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጃፓን የተወለደውን ሁሉ ካምፕ ሊያስገቡ ነው ሲባል፣ አባቴ የዘፈን ሸክላዎቹን በመዶሻ ሰባበራቸው። ጃፓንኛ ቤቱ ከተገኘ ሰላይ ይሉኛል ብሎ። አንዱ ላይ አያቴ ነበረች፤ ስታዜም የተቀዳችበት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወሰዱን። ሸክላው ተሰበረም አልተሰበረ ጃፓን ነበርን።" ሩዛቸውን በሉና ተነሱ።

ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱን ለእኔ አስረከቡኝ፤ ለሌላ ማንም ሊያስረክቡት አይችሉም ነበር። ካቻቪቴዋንና ጠርሙሱንም ሰጡኝ። "እንዳይጠፋ" አሉ፤ ምኑ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእጄ ያለፈ ካሴት ሁሉ ጥርሱ እየተሰበረ ጠርሙሱ ይሞላ ጀመር።

ዶሮቴያ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ጠይም፣ ረጅም፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች ሴት፤ ከቋንቋ ጀማሪዎቹ መካከል ትልቋ እሷ ነበረች። የእኛ ሰው መስላኝ "እንደምን አደርሽ እቴ?" አልኳት።

በእንግሊዝኛ "ይቅርታ፣ አልገባኝም" አለች።

"ከየት ነሽ?"

"ጀርመን ነኝ።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄን ለማስተካከል በጀርመንኛ ምን ልርዳሽ አልኳት፤ ያንንም አልሰማችውም። እዚያው ቆመን ተያየን፤ ጀርመኗ ጀርመንኛ አታውቅም፣ ሐበሻው ያውቃል። ያን ጊዜ እሷም ፈገግ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ጀርመን ናት፤ አባቷ ከጦርነቱ በኋላ እዚያ የሰፈረ ጥቁር የአሜሪካ ወታደር። አባቷ ስለ እሷ መወለድ ሳያውቅ ተዛወረ። እናቷ ዘመድና ጎረቤት አላስቀምጥ ሲላት ልጅቷን ገና በጠዋቱ ለአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የወታደር ቤተሰብ ሰጠቻት፤ ሲያትልም ያደገችው በነሱ እጅ ነው። ከጀርመንኛ የቀራት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ኮም"። ነይ ማለት ነው። ማን እንዳላት፣ የት እንዳላት አታስታውስም።

ያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ የምታጠናውም "ጀርመን ማለት ማን ነው?" የሚለውን። እንደ እሷ ያሉ ልጆችን፣ ጥቁር ወታደር አግብተው እዚህ የመጡ ጀርመናውያን ሴቶችን እየፈለገች ቃላቸውን ትቀዳለች። "ደም ነው ካሉ ደሙ አለኝ" ትለኝ ነበር። "ቆዳ ነው ካሉ ደግሞ አፍ አውጥተው ይናገሩት፤ እኔ ልቅዳው።" ከጥናቱ በታች ያለውን ለእኔ ለመንገር ብዙ አልቆየችም። እናቷን ማግኘት ትፈልጋለች። ልትወቅሳት አይደለም። እናቷ በራሷ ድምፅ "ልጄ ነሽ" ትላት እንደሆን መስማት ብቻ ነው የምትፈልገው።

እኔ የጀመርኩትን አልተውም። ጀርመንኛውን ከመጽሐፉ አስወጥቼ በፒያሳ ዘዴ አስተማርኳት፤ ዕቃ በስሙ ሳትጠራ አላቀብላትም። ጥጥ ስትፈልግ ጥጡን በጀርመንኛ፣ አልኮሉን በጀርመንኛ። በዓመቱ አስተማሪዎቿ የት ተማርሽው እስኪሏት ድረስ አጣራችው። "ጋሼ" ማለትን ሌሎች ሐበሾች ሲጠሩኝ ሰምታ ያዘች፤ ከዚያ በጀርመን ወግ "ሄር ጋሼ" አደረገችው፤ አቶ ጋሼ እንደማለት። ወርቅነሽ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ "ጀርመኑ መጣ! እራቱን በጀርመንኛ ላቅርብ ወይስ በሐዲይኛ?" ትለኝ ጀመር፤ እሷ የሆሳዕና ልጅ ናት።

ቃለ መጠይቅ ስንሄድ ማሽኑን የምሸከመው፣ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ የሚበዙት ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ ጦር ካምፑ መንገድ ላይ ነው። ቤት እንደገባን መጀመሪያ የማደርገው ማቀዝቀዣውን መንቀል ነው፤ ማጉረምረሙ ቴፕ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሳልሰካው ልውጣ ብል ቁልፌን አጣለሁና። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አንዲት ሴትዮ ሥጋዋ ተበላሽቶባት ከሰደበችኝ በኋላ ያወጣሁት ዘዴ ነው። ማይክራፎኑን በታጠፈ ፎጣ ላይ እንጂ በባዶ ጠረጴዛ ላይ አላስቀምጥም።

እዚያው መንገድ ላይ ባለችው ዴ ሞይን ከተማ፣ ፍራው ኢንግሪድ ቤት የሄድን ቀን አይረሳኝም። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ዶሮቴያ "ራስዎን ጀርመን ነኝ ይላሉ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እዚያ ስሄድ አሜሪካዊቷ ይሉኛል፤ እዚህ ጀርመኗ" አለች ፍራው ኢንግሪድ። "ልጄ ግን እዚያም እዚህም ጥቁሩ ነው።"

"እማ! ኦኬ፣ ይበቃል!" አለ ልጇ ከሌላው ክፍል በእንግሊዝኛ። ጢም ያወጣ ትልቅ ሰው ነው።

"ዝም በል! የሚቀዳው የእኔ ድምፅ ነው" አለችው በጀርመንኛ። እሱም ገባው መሰለኝ ዝም አለ። እኔ ያንን ሁሉ እንዳለ ተውኩት፤ ጩኸቱንም፣ ዝምታውንም።

ዶሮቴያ የተወለደችበትን ትንሽ ከተማ ስም ስትጠራ ፍራው ኢንግሪድ ወንበሯን አስጠጋች። እዚያው ነው ያደገችው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አሁንም እዚያ ትኖራለች። ደብዳቤ ጻፈችላት፤ መልሱ መጣ። የዶሮቴያ እናት አለች። ባል አግብታለች፤ ባሏ ስለ ልጅቷ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ደብዳቤ የሚከፍተው እሱ ነው። የፍራው ኢንግሪድ ጓደኛ ግን፣ ፍራው ክራፍት ትባላለች፣ በር ለበር ጎረቤቷ ናት።

"ሶ፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ ዶሮቴያ። "በጎረቤት በኩል ደብዳቤ ልጻፍ? እጇ ይንቀጠቀጣል አሉ፤ መልስ መጻፍ አትችልም።"

መፍትሔውን ያገኘችው በእኛ ቤት ነው። ለእራት የጠራናት ቀን ከሆሳዕና ከወርቅነሽ እህት ካሴት ደርሶን ነበር። የዚያን ጊዜ የእኛ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ በካሴት ይነጋገራል። ካሴቱን አስገብተን ተቀመጥን። እህቷ ሰላምታዋን ታወርዳለች፤ ልጆቹ ተራ በተራ ስማቸውን ይናገራሉ፤ አንዱ ያስላል፤ በኋላ ሁሉም መዝሙር ያነሳሉ። ሰምተን ስናበቃ ወርቅነሽ ካሴቱን አጠንጥና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች፤ በእህቷ ድምፅ ላይ መልሷን ጀመረች።

ዶሮቴያ ደነገጠች። "ድምፁን አጠፋችው! ለምን ሌላ ካሴት አትገዙም?"

"ንገራት" አለችኝ ወርቅነሽ። "እህቴ የተናገረችው እዚህ ገብቷል" ጆሮዋን ነካች። "ካሴቱ ባዶ እጁን ከሚመለስ የእኔን ይዞ ይመለስ። መልስ በሌላ ካሴት ከመጣማ የሌላ ሰው ወሬ ነው። እሷ ነክታ የሰደደችውን ነው ነክቼ የምሰደው።"

ተረጎምኩላት። ዶሮቴያ ካሴቱን በጣቷ ነካችው። ከዚያ "እንዲህ ነው የማደርገው" አለች።

ላቦራቶሪው ተማሪ በሌለበት ከሰዓት በኋላ፣ ባለኝ ምርጥ ማሽን ላይ ቀዳናት። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም፤ የተናጋሪዋ ነው። በጀርመንኛ ተናገረች፤ አንድም ስህተት አልነበረባትም፤ አንድ ቦታ ብቻ ቃል ሳይሆን ትንፋሽ አጠራት። እኔም በመጨረሻ ገብቼ "የተከበሩ ወይዘሮ፣ መልስዎን በዚሁ ካሴት ላይ ቀድተው ይላኩልን፤ የእኛ አገር ወግ እንዲህ ነው" አልኩና የላቦራቶሪውን ስልክ ቁጥር ተናገርኩ። ካሴቱን አወጣሁ፤ አዘጋጀሁ፤ በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ ለፍራው ክራፍት አድራሻ በእጄ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ጠበቅን። መጀመሪያ ሰሞን ዶሮቴያ ገና በር ላይ ሆና "ዛሬስ?" ትለኛለች፤ "አውሮፕላን እንጂ መልአክ አይደለም የሚያደርሰው" እላታለሁ። በኋላ ቀልዱ አለቀ። በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታይና ሳትጠይቅ ወደ መቀመጫዋ ትሄዳለች። በልግ አልፎ ክረምት ገባ። ሌላ ካሴት እንላክ አልኳት። ፍራው ኢንግሪድ ትጠይቅልሽ አልኳት።

"አንዴ ጠይቄያለሁ" አለች። "ሁለቴ አልለምንም። ዝም ማለትም መልስ ነው፤ ጋሼ፣ ዝምታ አይቆረጥም ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

ያንን ዝምታ የጥናቷ ማዕከል አደረገችው። የእናቶች ዝምታ የሚል ምዕራፍ ጻፈች። ጀርመን ልጆቿን የካደችው በሕግ ብቻ አይደለም፣ በእናቶቻቸውም አፍ ነው፤ እኔም ጠይቄ የተመለሰልኝ ይኸው ነው የሚል። አነበበችልኝ። እውነቱን ልናገር፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰምቼ አላውቅም። አስተማሪዎቿም ከሁሉ የበለጠው ምዕራፍ ይህ ነው አሏት። ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ተቆረጠ።

ከቀኑ በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ ዶሮቴያ እኔ ክፍል ተቀምጣ ወረቀቷን ስታስተካክል ስልኩ ጮኸ። ጀርመንኛ ነው። "ፍራው ክራፍት እባላለሁ" አለች፤ ያረጀ ድምፅ። ስልኩን ከማዳመጫ ጋር ያገናኘሁበት የራሴ ሽቦ ነበረኝ፤ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ። በዚህ ሥራዬም እኮራ ነበር። ማዳመጫውን ለዶሮቴያ አቀበልኳት።

ፍራው ክራፍት እናትየዋ ማረፏን ነገረችን። ቀብሯም አልፏል። ፍራው ክራፍት ሳትደውል የዘገየችው ቁጥራችንን ከካሴቱ ላይ ፈልጋ እስክትሰማው ነው። እኔ የወጉን የሐዘን ቃል ተናገርኩና፣ ምነው አፌን ቆርጦት በነበር፣ "መልስ ሳትልክ ለምን ቀረች?" አልኳት።

"ልትልክ መጥታ ነበር እንጂ!" አለች ፍራው ክራፍት። "እኔ ወጥ ቤት፣ የእኔ ማሽን ላይ ነው ሁልጊዜ የምትሰማው። ደጋግማ ሰማችው። አንድ ቀን ጥሩ ልብሷን ለብሳ መጣች። 'ነይ ልበላት? ነይ ማለት ይገባኛል?' እያለች ትጠይቀኛለች። ከዚያ ቁልፉን ብትጫነው አልጫን አለ። ገልብጣ ሞከረችው፤ አልሆነም። እኔም ሞከርኩት። 'ልጅቷ ዘግታዋለች' አለች። 'እንድሰማት ብቻ ነው የፈለገችው፤ እውነቷን ነው።' ሌላ ካሴት ልግዛ ብላት 'ተይ፣ የተዘጋ በር አልደበድብም' አለችኝ። ለምን ዘጋችሁት?"

ስልኩን እንደያዝኩ ጠረጴዛዬን አየሁ። ጠርሙሱ እዚያው ነው። እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ አስታወሰ፤ ዶሮቴያ ትንፋሽ አጥሯት ካበቃች በኋላ ካሴቱን አውጥቼ፣ ካቻቪቴዋን አንስቼ፣ እንደ ማንኛውም ካሴት፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በአንድ በኩል በዚሁ ላይ ይቅዱ ያልኩት እኔ፣ በሌላ በኩል እንዳይቀዳ ያደረግኩት እኔ። ቀዳዳው በአንዲት ቁራጭ ፕላስተር ሊደፈን ይችል ነበር፤ ማንም የካሴት ሰው ያውቀዋል። እነዚያ ሁለት ሴቶች ግን የካሴት ሰው አይደሉም።

አስተርጓሚ ብሆን አንድ ነገር ለውጬ እላት ነበር። ማስተርጎም አላስፈለገም። ሁሉንም ራሷ ሰማችው፤ እያንዳንዱን ቃል። እኔ አስተምሬያት።

ማዳመጫውን አወለቀች። ጠርሙሱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የዓመታት ስባሪ ነው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ክምር።

"የትኛው ነው የእኛ?" አለችኝ።

"ዶሮቴያ..."

"ጋሼ፣ የትኛው ነው?"

ፈለግኩ። በእውነት ፈለግኩ። በጣቴ እየለየሁ፣ ነጩን ወደዚህ፣ ግራጫውን ወደዚያ። ሞተር በጆሮዬ የምለይ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ምስር ከሚያህል ፕላስቲክ ግን አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልኩም። ሳላገኘው እሷ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር፣ ሚስተር ሞሪታ ቤት ሄድኩ። ታመው ከአልጋ አይወርዱም ነበር። ነገርኳቸው። "በእኔ ካቻቪቴ ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ሁለታችንም ሰበርነው" አሉ። ሊያጽናኑኝ ከሆነም አልተጽናናሁም።

ዶሮቴያ ጥናቱን አላቀርብም አለች። አስተማሪዎቿ የግርጌ ማስታወሻ ጨምሪበትና አቅርቢው ብለው ለምነዋት ነበር። "ምዕራፉ እናቴን ከሳሽ ነው" አለቻቸው። "እናቴ መልሳ ነበር። ውሸት በግርጌ አይስተካከልም።" ሌላ ርዕስ ስጡኝ አላለችም። የዚያን ዓመት ስሟ ከተማሪዎች መዝገብ ወጣ። እኔ ዘንድ አልመጣችም፤ ስልክም አላደረገችም። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወርቅነሽ "ወጉን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ሁሉን ብቻህን አትሸከመው፤ ና ብላ" ትለኛለች። ጀርመኑ ማለቱን ተወች።

ነገሩን እንደ ማሽን ፈታትቼ አይቼዋለሁ። የሚስተር ሞሪታ ልማድ ልክ ነው። የእኛም ወግ ልክ ነው። ሁለቱም የደግ ሰው ሥራ ናቸው። በእኔ እጅ ሲገናኙ ግን አንዲት ሴት ጥሩ ልብሷን ለብሳ ተቀምጣ ቁልፍ አልጫን አላት። የሚጠገን አካል አላገኘሁበትም።

ባለፈው የወርቅነሽ እህት ከአገር ቤት መጣች፤ ያች በካሴት የምናውቃት። እኛ አሁን የምንኖረው ዴ ሞይን ስለሆነ አየር ማረፊያው ቅርብ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርገን ስንገባ ከላይ ከድምፅ ማጉያው ወደ አውሮፓ ለሚሄዱ መንገደኞች ጥሪ ተነገረ፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በጀርመንኛ። ቆምኩ። አናባቢውን የምትዘረጋው በፒያሳ ዘዴ ነው። ያ አነጋገር ሲያትል ውስጥ የሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

"እሷ ናት እንዴ?" አለች ወርቅነሽ። "ሂድ ሰላም በላት እንጂ፣ አንተ ሰው!"

"ትጨርስ" አልኳት። ጥሪውን ደገመችው። መንገደኞቹ ቦርሳቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሄዱ። ከዚያ ማጉያው ጸጥ አለ፤ እኔም ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። እህቷ ከኋላችን መጥታ በስሜ እስክትጠራኝ ድረስ ቀና እንዳልኩ ነበርኩ።

እንግዲህ በሥራ ዘመኔ ያደረግኩት ይህ ነው። ከካቻቪቴ አቀባይነት ተነስቼ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኛለሁ።

ሁለት የባዕድ ቋንቋ ያለ አስተማሪ ተምሬያለሁ፤ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ።

የጠገንኩት ማሽን በዚያው ሕመም ተመልሶ አልመጣም።

የሰውን ዝምታ ከአንድ ጊዜ በስተቀር አልቆረጥኩም፤ እሱንም መልሼ ቀጥያለሁ።

የፍራው ኢንግሪድን፣ የሌሎቹንም እናቶች ድምፅ ቀድቻለሁ። ላቦራቶሪው ሲፈርስ ከቆሻሻ መኪናው አውርጄ ቤቴ አስገብቻቸዋለሁ፤ የሚጠይቃቸው ሰው እስኪመጣ አሉ።

ከልጆቻቸው ጋር ሆኜ ሚስተር ሞሪታን ቀብሬያለሁ።

አንዲት ጀርመናዊት ጀርመንኛ አስተምሬያለሁ። ስትናገር እናቷ ሰምታታለች።

መልሱን አላመጣሁም።